አዲስ ዲስክ ተገጥሞ ኮምፒውተሩ አልነሳም ሲል፦ ከአምስቱ መንገዶች የትኛው ለማን ይሆናል?

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የመጣች የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን ከዝናቡ በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ኮምፒውተሩ ስለዘገየባት ሃርድ ዲስኩን አስወጥታ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ አስገጥማለች። የአሮጌው ዲስክ ይዘት እንዳለ ወደ አዲሱ ተገልብጧል። ሲከፈት ግን ጥቁር ስክሪን ላይ «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» የሚል ነጭ ጽሑፍ ብቻ ይወጣል፤ የምነሳበት ዲስክ አጣሁ ማለቱ ነው።

«ጋሼ፣ ፎርማት ካልተደረገ አይነሳም ተብያለሁ፤ ጽሑፌ ግን በሙሉ እዚያ ላይ ነው» አለችኝ።

«እስኪ ቆዪ እህቴ፣ አሮጌው ዲስክ የት አለ?»

ከቦርሳዋ ውስጥ በሱፍ ካልሲ የተጠቀለለውን ዲስክ አወጣች። መልሰን ገጠምነው፤ እሱም አልነሳም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሁለት ዲስክ በአንድ ቀን አይሞትም። ባዮስ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው የቅንብር ፕሮግራም ውስጥ፣ ስንገባ ቀኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ይላል። የሰዓቱ ትንሽ ባትሪ ሞቷል፤ ዲስኩ ሲቀየር ዋናው ባትሪ በመነቀሉ ባዮሱ ሲሠራበት የነበረውን ቅንብር ረስቶ ከፋብሪካ ወደመጣበት ተመልሷል። አንድ መስመር ከ«ዩኢኤፍአይ»፣ ከአዲሱ የአነሳስ ዘዴ፣ ወደ ድሮው ወደ «ሌጋሲ» ቀየርን፣ አስቀመጥን፤ ዊንዶውሱ መጣ። አዲሱን ዲስክ መልሰን ስንገጥም እሱም ተነሳ። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ያለ ምክንያት ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደ እሷ ግራ ገብቷችሁ «ምን ላድርግ?» ለምትሉ ነው። መንገዱ አንድ አይደለም፤ አምስት አለ። ለአንዱ ሰው የሚሆነው ለሌላው ጥፋት ሊሆን ይችላል።

## መጀመሪያ፦ ችግሩ በእርግጥ የዲስክ ነው?

ዲስክ ጭራሽ የሌለው ኮምፒውተር እንኳ ሲበራ የአምራቹን ምልክት ያሳያል፣ ባዮስም ይገባል። ስለዚህ መብራቱ በርቶ፣ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ላይ ምንም ካልመጣ፣ ወይም ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ዲስኩን ተዉት። ክዳኑ ሲከፈት ራሙ ተነቃንቆ ይሆናል፤ አውጥቶ አጥብቆ መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ እጅ የነካቸውን ኬብሎች አንድ በአንድ እዩ።

ምልክቱ መጥቶ ከዚያ ስህተት ከጻፈ ወደ ባዮስ ገብታችሁ የአዲሱ ዲስክ ስም መዘርዘሩን አረጋግጡ። ከሌለ ነገሩ የአገጣጠም ነው። በዴስክቶፕ ሳታ በሚባለው የተለመደ መሰኪያ የሚገጠም ዲስክ ሁለት ኬብል ይፈልጋል፤ ሰፊው የኃይል ነው፣ ጠባቡ የዳታ ነው። በአንዳንድ ላፕቶፖች ዲስኩን ከቦርዱ የሚያገናኘው ስስ ሪባን ኬብል ሲከፈት በቀላሉ ይላቀቃል። እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነውን የኤም.2 ዲስክ የገዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቅርጹ አንድ ሆኖ ውስጡ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሳታ አለ፣ ኤንቪኤምኢ አለ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለው ቀዳዳ ሳታ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ኤንቪኤምኢው በደንብ ሊገባ፣ ብሎኑም ሊጠብቅ ይችላል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ይህን ማስተካከያ አይፈታውም፤ ሱቁ ሄዶ መለወጥ ነው።

አዲሱ ዲስክ ባዮስ ላይ ከታየ፣ አሮጌውን መልሳችሁ ሞክሩ። የፈለገ ብትቸኩሉ ይህን ፈተና አትዝለሉ። አሮጌው ከተነሳ ማሽኑ ደህና ነው፤ ጉድለቱ አዲሱ ዲስክ ላይ ባለው ቅጂ ነው። አሮጌውም ካልተነሳ የተለወጠው የባዮሱ ቅንብር ነው፣ ቀኑን እዩ። አሮጌው ተነስቶ አዲሱ መሀል ላይ ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ ደግሞ ዊንዶውሱ ተገኝቷል፣ ግን ዲስኩን የሚያነብበት መንገድ አልተስማማውም ማለት ነው።

## በምን እንመዝናቸው?

አምስት መስፈርት አለኝ፤ ቅደም ተከተሉም አስቤበት ያደረግሁት ነው። አንደኛ፣ ፋይላችሁን ምን ያህል ያጋልጣል? ሁለተኛ፣ ባይሳካ ወደነበረበት መመለስ ይቻላል? ሦስተኛ፣ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ምን ይደርሳል? አራተኛ፣ ምን ያህል ኢንተርኔት ይበላል? ብርና ጊዜን በመጨረሻ አስቀመጥኋቸው፤ ዲስክ እንደገና ይገዛል፣ የሁለት ዓመት ጽሑፍ ግን በየትኛውም ሱቅ አይገኝም። ባሕር ዳር ለሚሠራ ሰው መብራትና ኢንተርኔት የጎን ጉዳይ አይደሉም። ለወራት የሞባይል ዳታ ተቋርጦብን ስለኖርን «ከኢንተርኔት አውርዱት» የሚል ምክር ሁልጊዜ እንደማይሠራ እናውቃለን።

## 1. የባዮስ ቅንብር ማስተካከል

ዲስኩ ላይ አንዲት ፊደል አይጽፍም፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ከዚህ ይጀምር። ዴል በኤፍ 2፣ ኤችፒ በኤስኬፕ ወይም በኤፍ 10፣ ሌኖቮ በኤፍ 1 ወይም በኤፍ 2 ይገባል። ምንም ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ያ ፎቶ የመመለሻ መንገዳችሁ ነው።

የምትፈልጉት ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያው የመነሻ ቅደም ተከተል ነው፤ አዲሱ ዲስክ ከፍላሽና ከኔትወርክ በፊት ይሁን። ሁለተኛው ዩኢኤፍአይ ወይስ ሌጋሲ የሚለው ነው። የድሮ አከፋፈል ያለው ዲስክ፣ ኤምቢአር የሚባለው፣ በሌጋሲ ይነሳል፤ ጂፒቲ የተባለው አዲሱ አከፋፈል ደግሞ ለዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ ነው። ቅጂ የእናቱን ዓይነት ይይዛል፤ አሮጌው ኤምቢአር ከነበረ አዲሱም እንደዚያው ነው። ኤምቢአር ከ2 ቴራባይት በላይ ማየት ስለማይችል ትልቅ ዲስክ የገዛ ሰው ወደ ጂፒቲ መሄዱ አይቀርም። ሦስተኛው መስመር የሳታ አሠራር ነው፤ ኤኤችሲአይ ወይም ሬይድ ይላል። ዊንዶውሱ በአንዱ ተጭኖ ባዮሱ ወደ ሌላው ከዞረ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ዲስኩ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል፤ አልተበላሸም፣ መስመሩን መልሱት።

ቀኑ ተዛብቶ ካገኛችሁ የሰዓቱን ባትሪ ቀይሩ። በዴስክቶፕ ሲአር 2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። ካልተቀየረ ዛሬ ያስተካከላችሁት መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የራሱ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ከሆነ ቅንብር ስትቀይሩ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ይቀመጣል። እሱን ሳታገኙ ወደፊት አትሂዱ።

## 2. የማስነሻውን ክፍል መጠገን

ዊንዶውስ የሚነሳው ከሲ ድራይቭ ብቻ አይደለም። በጂፒቲ ዲስክ ላይ ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋባይት አካባቢ የሆነች የተደበቀች ትንሽ ክፍል አለች፤ ማስነሻው እሷ ውስጥ ነው። ሲ ድራይቭ ብቻ ተገልብጦ እሷ ከቀረች ፋይሉ ሁሉ እያለ ኮምፒውተሩ አይነሳም። በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስነስታችሁ «ሪፔር» ከዚያም «ስታርትአፕ ሪፔር» የሚለውን ምረጡ። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ይህን ስታደርጉ አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ ይቀመጥ፤ ጥገናው ተሳስቶ በእሱ ላይ እንዳይጽፍ። ፋይላችሁን አይነካም፤ ካልሠራ ወደሚቀጥለው እለፉ፣ ቀን ሙሉ አትታገሉት።

## 3. ከአሮጌው ዲስክ እንደገና መገልበጥ

አሮጌው ዲስክ ደህና ሆኖ የሚነሳ ከሆነ፣ ለብዙ ሰው የምመርጠው ይህን ነው። ነፃ ከሆኑት ፕሮግራሞች ክሎንዚላ አንዱ ነው፤ ከፍላሽ ይነሳል፣ ሲሠራ ኢንተርኔት አይፈልግም። አንድ የዲስክ ቦታ ብቻ ላለው ላፕቶፕ በዩኤስቢ የሚሰካ የሃርድ ዲስክ ኬዝ ግዙ፤ በኋላም አሮጌውን ዲስክ እንደ ትልቅ ፍላሽ ትጠቀሙበታላችሁ።

አደጋው አንድ ነው፣ ግን ከባድ ነው፦ አቅጣጫ። ባዶውን አዲስ ዲስክ በሞላው አሮጌ ላይ ከገለበጣችሁ ሁሉም አለቀ። ምንጩንና መድረሻውን ስትመርጡ በመጠናቸውና በዲስኩ ላይ በተለጠፈው መለያ ቁጥር ለዩአቸው። እኔ ሁለቱንም ቁጥር ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ አብሮኝ ያለ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ነው «እሺ» የምለው።

መብራትን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር አለ። ተራ ቅጂ አሮጌውን ዲስክ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም፤ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ የተበላሸው አዲሱ ላይ ያለው ግማሽ ቅጂ ነው፣ እንደገና መጀመር ነው። ነገሩ የሚለወጠው አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው ሲያንስ ነው። እዚህ ከተማ ከማየው ብዙው ከ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ወደ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ መቀየር ነው። ያን ጊዜ አሮጌውን ዲስክ መጀመሪያ ማጥበብ የሚጠይቁ ፕሮግራሞች አሉ፤ ማጥበብ ደግሞ ዋናው ዲስክ ላይ መጻፍ ነው። ያለ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በሚይዘው ባትሪ ካልሆነ፣ በዴስክቶፕ ይህን አታድርጉ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሞልታችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ዋና ዋና ፋይሎቹን ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

ጊዜው እንደ ዩኤስቢው ነው። 200 ጊጋባይት የሞላበት ዲስክ በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ በዩኤስቢ 3 ከተሰካ ግማሽ ሰዓት ትንሽ አልፎ ሊያልቅ ይችላል። ሲያልቅ አሮጌውን ንቀሉና አዲሱን ብቻውን አስነሱት፤ ሁለቱ መንትያ ሆነው አንድ ላይ ከተሰኩ ዊንዶውሱ ሊያምታታቸው ይችላል።

አሮጌው ዲስክ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካለው ወይም እያነበበ የሚቆም ከሆነ ሙሉ ቅጂ ይቅር። በየደቂቃው እየሞተ ስለሆነ በጣም የምትፈልጉትን ፋይል ብቻ ቀድማችሁ አውጡ፤ የማይተካ ነገር ካለበት ግን ራሳችሁ አትሞክሩ።

## 4. ዊንዶውስን ከአዲስ መጫን

ንጹሕና ፈጣን ኮምፒውተር የሚሰጠው ይህ ነው፤ የአሮጌው ዲስክ ቫይረስና ቆሻሻ አብሮ አይመጣም። አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ እስከተቀመጠ ድረስ ፋይላችሁም ደህና ነው። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ባዶ ዲስክ ላይ ስለሆናችሁ ከመጀመሪያው መጀመር ብቻ ነው።

ዋጋው ሌላ ቦታ ነው። የመጫኛው ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይፈልጋል፤ በሞባይል ፓኬጅ ከማውረድ ከሚታመን ሰው በፍላሽ መቀበል ይቀላል። ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው ፕሮግራሞቹ ናቸው። የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ ይህን በደንብ ስሙኝ፦ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ፎንቱ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነው የሚመጣው። ፋይሉ ጠፋ ብሎ የደነገጠ ሰው አይቻለሁ፤ የጎደለው ፎንቱ ብቻ ነበር። ፓወር ግዕዝ፣ የሒሳቡን ፒችትሪ፣ የስታቲስቲክሱን ኤስፒኤስኤስ የምትጠቀሙም መጫኛውና ቁልፉ በእጃችሁ መኖሩን ሳታረጋግጡ ወደዚህ መንገድ አትግቡ። የፒችትሪ ሒሳብ ደግሞ «ዶክመንትስ» ውስጥ ላይሆን ይችላል፤ የድርጅቱ ፎልደር የት እንዳለ አሮጌው ዲስክ ገና ሲነሳ ፕሮግራሙን ከፍታችሁ እዩ።

የዊንዶውስ ፈቃድ ግን ብዙዎች እንደሚፈሩት አይጠፋም። ዊንዶውስ 10 እና 11 በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት ተደርጎ የነበረ ከሆነ ፈቃዱ የተያያዘው ከማዘርቦርዱ ጋር ነው፤ ያንኑ ዓይነት እትም ስትጭኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይመለሳል። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ፣ እንደገና የምትጭኑ ከሆነ ማሽናችሁ 11ን ይችል እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ፤ 11 ዩኢኤፍአይና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፣ ሆም የተባለው እትም ሲጫንም ኢንተርኔት ይፈልጋል። 11ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ባለ ኢንቴል ላፕቶፕ መጫኛው «ዲስክ የለም» ሊል ይችላል፤ የማከማቻው ድራይቨር በፍላሽ ካልተጨመረለት አያየውም፣ ዲስኩ ጤነኛ ነው።

## 5. ለባለሙያ መስጠት

ጎበዝ ልጆች ከተማችን ውስጥ አሉ፤ እናንተ ቀን ሙሉ የምትታገሉትን በሻይ ሰዓት ይጨርሱታል። የሚያሳስበኝ «ፎርማት» የሚለው ቃል ቶሎ አፍ ላይ መምጣቱ ነው። ለሠሪው ቀላሉ መንገድ እሱ ነው፤ ፋይሉ ግን የእሱ አይደለም። ስለዚህ ከአሮጌው ዲስክ መቅዳት የማያስፈልግ ከሆነ አሮጌውን ቤት ትታችሁ ሂዱ። መቅዳት ካለበት አጠገቡ ተቀምጣችሁ ይሠራ፤ የቤተሰብ ፎቶና የደንበኛ ሰነድ ያለበት ዲስክ ሌላ ሰው እጅ አያድር። «መጀመሪያ ባዮሱን አይተኸዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመስጠታችሁ በፊትም ሒሳቡ ለምርመራ ነው ወይስ ለጥገና የሚለውን ተስማሙ።

ስትጓዙ ደግሞ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ሃርድ ዲስክ እየዞረ በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ መንገጫገጭ የለበትም።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | ለፋይል ያለው አደጋ | መመለስ ይቻላል? | መብራት ቢሄድ | ኢንተርኔት | ወጪና ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|
| የባዮስ ቅንብር | የለም (ቢትሎከር ካለ ቁልፉ ይያዝ) | አዎ፣ በፎቶው | ጉዳት የለውም | አይፈልግም | ነፃ፣ ደቂቃዎች |
| ማስነሻ መጠገን | ትንሽ | አዎ፣ አሮጌው ከተነቀለ | እንደገና መጀመር | ፍላሹ ካለ አይፈልግም | ፍላሽ ብቻ፣ አንድ ሰዓት |
| እንደገና መገልበጥ | አቅጣጫ ከተሳሳተ ከባድ | አዎ፣ አሮጌው ካልተነካ | ማጥበብ ካለ አደገኛ | ፕሮግራሙ ካለ አይፈልግም | ኬዝ መግዛት፣ ግማሽ ቀን |
| ከአዲስ መጫን | አሮጌው ከተነቀለ የለም | አዎ | እንደገና መጀመር | ብዙ | ነፃ ግን አድካሚ፣ አንድ ሁለት ቀን |
| ባለሙያ | እንደ ሰውየው | እንደ ስምምነቱ | የእሱ ኃላፊነት | አይመለከታችሁም | የእጅ ዋጋ |

## ለማን የትኛው?

ተማሪ ሆናችሁ የማስረከቢያ ቀን ከደረሰ፣ ባዮሱን አይታችሁ ካልተፈታ አሮጌውን ዲስክ መልሱና ሥራችሁን ጨርሱ። ዘገምተኛ ኮምፒውተር የተጻፈውን አያጠፋም፤ አዲሱ ዲስክ ሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ቢቆይ አይበላሽም።

ጽሕፈት ቤት፣ ፋርማሲ ወይም ሒሳብ የሚሠራበት ድርጅት ከሆነ እንደገና መገልበጥ ይሻላል፤ ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ፈልጎ መጫን ከኬዙ ዋጋ በላይ የሥራ ቀን ያስከፍላል። ቅጂውን እሑድ፣ ደንበኛ በሌለበት፣ ከዩፒኤስ ጋር ሥሩት።

ፊልምና ሙዚቃ ብቻ ያለበት፣ ለልጆች ትምህርት የሚሆን ዩዝድ ላፕቶፕ ከሆነ፣ ወይም አሮጌው ዲስክ በቫይረስ የተጨናነቀ ከሆነ፣ ከአዲስ ጫኑ። በጀት ለሌለው ሰውም ፍላሽ ከጓደኛ ተውሶ የሚሠራ ይኸው ነው።

አሮጌው ዲስክ እየጮኸ ውስጡ የማይተካ ነገር ካለ፣ ራሳችሁ አትሞክሩ፤ አጥፉትና ዲስክ የሚያድን ሰው ፈልጉ።

ከዘጌ ወይም ከሌላው የጣና ዳርቻ በጀልባ የምትመጡ፣ አንድ ነገር ረስቶ መመለስ ሙሉ ቀን ነው። ላፕቶፑን፣ ቻርጀሩን፣ ሁለቱንም ዲስኮች፣ ባዶ ፍላሽ፣ የማይክሮሶፍት አካውንቱን የይለፍ ቃል፣ አካውንቱ የተመዘገበበትን ስልክም ጭምር ይዛችሁ ኑ። ዲስኮቹን ከሐይቁ ርጭት በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ አድርጓቸው።

አዲሱ ከተነሳ በኋላም አሮጌውን ቶሎ ፎርማት አታድርጉ። ቀኑን በፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉበትና ቢያንስ አንድ ወር አስቀምጡት፤ የጎደለ ፎንት፣ የተረሳ ፎልደር የሚታወሰው በዚያ ወር ውስጥ ነው። ተማሪዋም የእሷን እስክትመረቅ ድረስ ልታቆየው ተስማማን። የሱፍ ካልሲ የስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥር፣ አዲስ ዲስክ የሚመጣበትን ብርማ ከረጢት ፈልጌ ሰጠኋት፤ ዲስኩን እዚያ ውስጥ አድርጋ፣ ላፕቶፗን በዚያው ፌስታል ጠቅልላ ሄደች።